አባባ ሆድ ላይ የወጣው ደም ስር፦ «ግፊት አለባቸው» ሲሉን የትኛው ግፊት ነው?

የወረታዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አባባ 61 ዓመታቸው ነው። ፎገራ ውስጥ፣ ከወረታ ወጣ ብሎ ሩዝ ያርሳሉ። እኔ አዲስ አበባ ነው የምሠራው፣ አብሯቸው ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው። መጠጥ አይወዱም፣ ለበዓል የሚቀምሷትን ጠላ ካልቆጠራችሁባቸው። ከወባ በስተቀር ታመው ተኝተው አያውቁም። ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል «በግራ ጎኔ በኩል ይከብደኛል» ማለት ከጀመሩ፣ ትንሽ ጎርሰውም ጠገብኩ ይላሉ። ድካም ነው ብለን ተውነው።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ጸበል ሄደው ወንድሜ ሸሚዛቸውን ሲያወልቅላቸው ጉድ ታየ። እምብርታቸው ዙሪያ ደም ስር ተጋድሟል። እጅ ላይ እንደሚታየው ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ የእርሳስ ውፍረት አለው፣ ይጠማዘዛል፣ ከእምብርት ተነስቶ ገሚሱ ወደ ደረት ይወጣል፣ ገሚሱ ወደ ብሽሽት ይወርዳል። ሲቆሙ ይብሳል። አያማቸውም፣ አያሳክካቸውም። አጠገባቸው የነበሩ አንዲት ሴትዮ «እባብ ነው የተላከባቸው» ብለው ጮኹ አሉ። ከዚያ ወዲህ አባባ ሰው ፊት ሸሚዝ ማውለቅ ትተዋል።

ባሕር ዳር ወስደን አስመረመርናቸው። አልትራሳውንዱ ላይ «ጉበት ውስጥ በፖርታል ደም ስር ዙሪያ ጠባሳ፣ ጣፊያ 19 ሴንቲ ሜትር፣ ፖርታል ሃይፐርቴንሽን» ይላል። ሆድ ውስጥ ውሃ የለም ተብሏል። ሄፓታይተስ ቢም ሲም ኔጌቲቭ ነው። የጉበት ምርመራው ኖርማል። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) 72 ሺህ። ሐኪሙ በር ላይ የተሰለፈው ሰው ብዙ ስለነበር በሁለት ደቂቃ «ግፊት አለባቸው፣ ይህን ይውሰዱ፣ ኢንዶስኮፒ ይታዘዝላቸዋል» ብሎ ፕሮፕራኖሎል 20 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ጻፈና ሸኘን።

አሁን የጨነቀኝን ልንገራችሁ። ሰፈር ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስትለካቸው 105 በ65 ሆነ። ወንድሜ «ምን ግፊት አለባቸውና፣ ጭራሽ ዝቅ ብሏል» ብሎ መድኃኒቱን አቋረጠው። እኔም ኢንተርኔት ላይ ሳይ ፕሮፕራኖሎል የደም ግፊት መድኃኒት ነው ይላል፣ ስለዚህ ዝም አልኩ። አጎቴ ደግሞ «መጥፎ ደም ተጠራቅሞ ነው፣ ይውጣ» ብሎ ዋግምት የሚያደርግ ሰው ለቅዳሜ ቀጥሯል፣ እዚያው እምብርታቸው አጠገብ። የኢንዶስኮፒው (በአፍ ቱቦ አስገብተው ውስጡን የሚያዩበት) ቀጠሮ ሁለት ወር ነው። ሆድ ላይ ለወጣ ነገር ጉሮሮ የሚታየውስ ለምንድን ነው? ጉበታቸው ደህና ከሆነስ ይህ የጉበት ግፊት የሚሉት ከየት መጣ?

የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።


ሲስተርዬ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ለአጎትሽ ደውዪ። የቀረውን በኋላ ታነቢዋለሽ። ዋግምት አይደረግም። አለቀ።

ነርስ ነኝ፣ ድንገተኛ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ ሳለሁ እንደ አባትሽ ያለ ሰው መጥቶ ነበር፣ ሆዳቸው ላይ ያለውን ደም ስር በምላጭ በጥተውላቸው። ደሙ አልቆም ሲል ቡና ነስንሰውበታል፣ በላዩ ነጠላ ጠምጥመውበታል፣ በላዩ ሌላ ነጠላ። እኛ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ነጠላ ርሶ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ደም ነበር። የቡናውን አተላ ጠርጌ ቀዳዳውን ሳገኘው የሽንብራ ፍሬ አያክልም። በጣት ተጭኜ ይዤ ነው ሐኪሙ መጥቶ የሰፋው። ሰውየው ተርፈዋል። ግን ያ ደም ከቆዳ ላይ የሚመጣ ተራ ደም አይደለም፣ ከኋላው የሚገፋው ጉልበት አለ። በዚያ ላይ የአባትሽ ፕላትሌት 72 ሺህ ነው፣ ደንበኛው ከ150 ሺህ በላይ ነው። ደሙ ቶሎ አይረጋም።

ሌላ፦ ወገቤን አመመኝ ብለው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳይውጡ። ገበሬ ሁሉ ኪሱ ውስጥ አንድ ሁለት ፍሬ አይጠፋም። ጥርስ ለመነቀልም ቢሄዱ ፕላትሌታቸው ዝቅተኛ መሆኑን አስቀድመው ይናገሩ። ጨውም ቀንሱላቸው።

ደም ካስታወኩ ወይም ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከተጣበቀ (የአይረን ኪኒን እየወሰዱ ካልሆነ፣ እሱም ያጠቁራል) ቀጠሮ የለም፣ ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልጋችሁ ሆስፒታል። ቁልጭ ብሎ የነበረ ሰው ድንገት ቀን ቀን እንቅልፍ ካበዛ፣ ነገር ከተምታታበትም እንደዚያው።


የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፦

ሲስተር ዋናውን ብላዋለች። ስለ ዋግምቱ አንድ ቃል አልጨምርም።

የወረታዋ፣ የጠየቅሽው ጥያቄ ቀላል አይደለም፣ እኛም ብዙ ጊዜ ሳናስረዳ ነው የምንሸኛችሁ። ሐኪሙ «ግፊት» ብቻ ማለቱ ጥፋት ነው፣ ምክንያቱም ግፊት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ክንድ ላይ የሚጠቀለለውን ነው። ይህኛው ሌላ ነው። ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ደም ስር ውስጥ ተሰብስቦ ጉበት ይገባል፣ ፖርታል የሚባለው እሱ ነው። ጉበት አጣርቶ ነው ወደ ልብ የሚለቀው። ደሙ ወደ ጉበት ሲገባና ሲወጣ ያለው የግፊት ልዩነት በጤነኛ ሰው ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብቻ ነው። እንደ ክንዱ 120 በ80 አይደለም። 10 ሲደርስ ደም ስሮች ማበጥ ይጀምራሉ፣ 12ን ካለፈ ሊፈነዱ ይችላሉ። ስለዚህ ክንዳቸው 105 በ65 እያለ የፖርታል ግፊታቸው 15 ወይም 20 ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ይህ ችግር የበረታባቸው ሰዎች የክንድ ግፊታቸው ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል።

አባትሽ ገበሬ ናቸው፣ በቦይ ላስረዳ። ዋናው ቦይ ጫፉ ላይ ሲደፈን ውሃው አይቆምም። ግድቡ የሳሳበትን ፈልጎ ይሰብርና በዳር በዳር ይሄዳል። ደሙም እንደዚያ ነው። ጉበት አላሳልፍ ሲለው ማለፊያ ይፈልጋል። ከሚያገኛቸው ማለፊያዎች አንዱ እምብርት ነው። እናታችን ማህፀን ውስጥ ሳለን ከእትብት ወደ ጉበት የምትሄድ ደም ስር ነበረችን፤ ከተወለድን በኋላ ትዘጋና ጅማት ሆና ትቀራለች። ግፊቱ ሲበዛ ይህች መስመርና በአጠገቧ ያሉት ቀጫጭን ደም ስሮች እንደገና ይከፈታሉ። ደሙ ከጉበት ወጥቶ እምብርት ላይ ይደርስና ከቆዳ ሥር ባሉት ደም ስሮች ወደ ላይም ወደ ታችም ይበተናል። ሴትዮዋ «እባብ» ማለታቸው፣ ለነገሩ፣ ብቻቸውን አይደሉም፤ የሕክምና መጽሐፍም ይህን ምልክት «ካፑት ሜዱሴ» ነው የሚለው፣ በግሪኮች ተረት ፀጉሯ እባብ በሆነችው በሜዱሳ ራስ ተሰይሞ። ማንም የላከባቸው የለም በያቸው።

ጉሮሮ የሚታየው ለምን መሰለሽ፣ ደሙ የሚያገኘው ሌላው ማለፊያ የምግብ ቧንቧ ታችኛው ጫፍና የጨጓራ አናት ስለሆነ ነው። እዚያ ያሉት ደም ስሮች ግድግዳቸው ስስ ነው፣ የሚደግፋቸው ጡንቻም ቆዳም የለም። የእምብርቱ ብዙ ጊዜ ካልነኩት ሰውን አይጎዳም። የምንፈራው የቧንቧውን ነው። ሆዳቸው ላይ ይህን ያህል ከታየ ውስጥም ሊኖር እንደሚችል አስበን እንፈልጋለን። ኢንዶስኮፒ ሲደረግ ትልልቅ ከሆኑ በትንንሽ ላስቲክ ይታሰራሉ።

ፕሮፕራኖሎልም ለዚሁ ነው የተሰጣቸው። የደም ግፊት መድኃኒት ነው፣ ልክ ነሽ፣ ግን ወደ አንጀትና ወደ ፖርታል የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ የውስጡ ደም ስር እንዳይፈነዳ ይረዳል። የልብ ምታቸውን ቀነስ ያደርጋል፣ እንዲያደርግም ነው የሚፈለገው፣ በደቂቃ ከ55 እስከ 60 አካባቢ። 105 ከሆነ በራሱ ማቋረጫ ምክንያት አይደለም። የላይኛው ቁጥር ከ90 በታች ከወረደ፣ ሲነሱ ዓይናቸው ከጨለመ፣ ወይም አስም ካለባቸው ለጻፈው ሐኪም መንገር ነው። በራስ ውሳኔ ማቆም ግን አይሆንም። ነገ ሐኪሙን ወይም ጤና ጣቢያውን አናግሩና እንደገና ያስጀምሯቸው።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ። ፎገራ፣ ሩዝ፣ የጉበት ምርመራ ኖርማል፣ ሄፓታይተስ የለም፣ ጣፊያ ትልቅ፣ በፖርታል ዙሪያ ጠባሳ። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ሳየው መጀመሪያ የሚመጣልኝ ቢልሃርዝያ ነው። ትሉ የሚኖረው አንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ስሮች ውስጥ ነው፣ ወንድና ሴቷ ተቃቅፈው፣ ለዓመታት። እንቁላሏ ገሚሱ በሰገራ ይወጣል፣ ገሚሱን ደሙ ይዞት ጉበት ይደርሳል። እዚያ ቀጫጭኖቹን የፖርታል ቅርንጫፎች ይደፍናል፣ ዙሪያውን ጠባሳ ያበጃል። የጉበቱ ሥጋ ግን ብዙም አይነካም። የላብራቶሪው ወረቀት አልዋሸም፣ ጉበቱ ሥራውን እየሠራ ነው፣ የተደፈነው መግቢያው ነው። የሰገራ ምርመራ ይሠራላቸው። በዚህ ደረጃ ላይ እንቁላሉ ላይገኝም ይችላል፣ ኔጌቲቭ ስለሆነ ብቻ የለም አይባልም።

ስለ ጨው፣ ሲስተር ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ጨው በጥብቅ የሚከለከለው ሆዱ ውሃ ለቋጠረ ሰው ነው። እሳቸው ውሃ የላቸውም። አሁን ጨው ላይ ከምትጨቃጨቁ ኪኒኑን አስቀጥሏቸው።


የአገር መድኃኒት፦

እናንተ ሁልጊዜ ባህላዊውን ማጣጣል ነው ሥራችሁ። የቢልሃርዝያ ነገር ከሆነ እንዶድ እያለ ምን ያስጨንቃችኋል? ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በእንዶድ አይደል ዓለም ያወቃቸው? ጨምቆ በባዶ ሆድ ነው፣ ሦስት ጠዋት።


ሲስተርዬ፦

ኧረ ተው! እንዶድ የሚጠጣ ነገር አይደለም። ሰው ይመርዛል፣ ያስታውካል፣ ያስቀምጣል። እሳቸው ደግሞ ማስታወክ የሌለባቸው ሰው ናቸው።


የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፦

አክሊሉ ለማ ያገኙት ሌላ ነው ወንድሜ። በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ያያሉ። ከእነሱ በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣው ሞቶ ተንሳፍፏል። የቢልሃርዝያ ትል እጭ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው እዚያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፣ ከዚያ ወጥቶ ውሃው ውስጥ በገባ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል። እንዶድ ውሃ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ይገድላል፣ ነው ግኝቱ። ሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ትል የሚገድለው ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን ነው፣ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ። የአገራችን ሰው የሠራውን ትልቅ ነገር በጠርሙስ ጨምቀን አናበላሸው።


ቢ ፖዘቲቭ፦

እኔ ቢልሃርዝያ አይደለም ያለብኝ፣ ግን በኢንዶስኮፒ ዘጠኝ ጊዜ ስላለፍኩ የምናገረው አለኝ።

ዓረብ አገር ልሄድ ሜዲካል ስሠራ ነው ሄፓታይተስ ቢ ተገኘብህ የተባልኩት። ጉዞው ቀረ። «የወፍ በሽታ» ነው ብለው እናቴ ወደ አንድ መድኃኒት አዋቂ ወሰደችኝ፣ ምን እንዳጠጣኝ አላውቅም፣ ሳምንት ሙሉ ሽቅብ አለኝ። ከዚያ ድኛለሁ ብዬ ሰባት ዓመት ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ማታ ሽሮ በልቼ ደም አስታወክሁ። ጉበቴ ጠባሳ ሆኖ ነበር። አሁን ቴኖፎቪር እወስዳለሁ። በነገራችን ላይ ኪኒኑን ያየ ሰው ሁሉ ኤችአይቪ አለበት ብሎ ያማኛል፣ ለሁለቱም የሚሰጥ መድኃኒት ስለሆነ። ለምጄዋለሁ።

ስለ ኢንዶስኮፒው ለአባትሽ እንዲህ በያቸው። ከማታ ጀምረው አይበሉም። ጉሮሯቸው ላይ የሚያደነዝዝ ነገር ይረጩላቸዋል፣ ምራቅ መዋጥ ያቅታል፣ እዚያ ላይ ነው ሰው የሚደነግጠው። በግራ ጎን ያስተኟቸዋል፣ የሚነከስ ፕላስቲክ አፋቸው ውስጥ ይገባል። ቱቦው ከትንሽ ጣት ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ያገሳል፣ እንባ ይመጣል። በአፍንጫ መተንፈስ ነው መላው፣ ዓይንን ከፍቶ አንድ ነገር ላይ መትከል። እኔ ግድግዳው ላይ ያለችውን ሰዓት ነበር የማየው፣ ከ15 ደቂቃ በልጦ አያውቅም። ላስቲክ ከታሰረ ሁለት ሦስት ቀን ደረት ውስጥ የተወተፈ ነገር ያለ ይመስላል። ትኩስና ጠጣር ምግብ አይበሉም፣ ወተት፣ ለስላሳ ገንፎ፣ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት።

የጨውን ነገር ደግሞ ሬዚደንቱ ለእናንተ ትቶታል፣ ለእንደኔ ዓይነቱ ግን ልናገር፣ ይህን የሚያነብ ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው አይጠፋምና። «ጨው የለውም» ብላ ሚስቴ የምትሠራልኝን ወጥ አራት ወር በላሁ፣ ውሃው አልቀንስ አለ። አንድ ቀን ማጀት ገብቼ ስጠይቃት ለካ በርበሬውም ሽሮውም ሲፈጭ ጨው አብሮ ገብቷል! ድስቱ ውስጥ ባትጨምርም ማሰሮው ውስጥ አለ። በቀን የተፈቀደልኝ 5 ግራም ገደማ ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ እሱም ዳቦውንም ሁሉንም ጨምሮ። አሁን የእኔን በርበሬና ሽሮ ለብቻ ታስፈጫለች፣ ክዳኑ ላይ ስሜ ተጽፏል። ሎሚና ያለ ጨው የተፈጨ ሚጥሚጣ እንጂ ሌላ ማጣፈጫ የለኝም። ውሃው በሦስተኛው ወር ደረቀ፣ ከኪኒኖቹ ጋር እንግዲህ።

ጾምም ጠይቀሽ እንደሆነ፣ የንስሐ አባቴ ናቸው «ጉበትህ ሲድን ትጾማለህ» ያሉኝ። ጉበቱ ለተጎዳ ሰው ሆዱን ባዶ አድርጎ ረጅም መቆየት ጡንቻውን ይበላዋል። ማታ ሳልተኛ ትንሽ ነገር እንድቀምስ ታዝዤያለሁ።


የወረታዋ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁም። አጎቴን በስልክ አልሰማ ሲለኝ የሲስተርን ጽሑፍ ወንድሜ አነበበለት። «ነጠላው ርሶ» የሚለው ጋ ሲደርስ ዝም አለ አለኝ። የዋግምቱ ሰውዬ ቀርቷል። ኪኒኑም ከትናንት ጀምሮ ተመልሷል፣ ጤና ጣቢያ ያለው የጤና መኮንን ሐኪሙን ደውሎ አማክሮ ነው።

ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ደሙ ወደየት እንደሚሄድ በጣት ይታያል ይላሉ፣ እውነት ነው? ደም ስሩስ ወደፊት ይጠፋል? እንዲጠፋላቸው በጣም ነው የሚፈልጉት፣ ያፍራሉ።


ከሜሪላንድ፦

ሰላም። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን የጣቱን ነገር በባለቤቴ ስላየሁት ነው። ሁለተኛ ልጃችንን ከወለደች ከአንድ ወር በኋላ ሆዷ አበጠ፣ ደም ስር ወጣ። የእሷ እምብርት ዙሪያ አልነበረም፣ በጎንና በጎኗ ነው፣ ጀርባዋ ላይም ነበረ። ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ሸምገል ያሉ ሐኪም መጡ፣ ማሽኑን ሳይነኩ ሁለት ጣታቸውን አንድ ላይ አድርገው ደም ስሩ ላይ ተጫኑ፣ ከዚያ አንዱን ጣት ወደ ላይ አንሸራትተው ደሙን አፈሰሱት፣ መሐሉ ጠፍጣፋ ሆነ። የታችኛውን ጣት ሲያነሱ ከታች ወደ ላይ ሽው ብሎ ሞላ። ደጋግመው አደረጉትና «መዘጋቱ ከጉበት በኋላ ነው» አሉ። በኋላ በምስል ሲታይ ከጉበት የሚወጡት ደም ስሮች ውስጥ ደም ረግቶ፣ ትልቁም ደም ስር ጠቦ ተገኘ። ባድ ኪያሪ ይባላል። ደም ማቅጠኛ ጀመረች፣ ደም ስሩን በውስጥ አሰፉላት። ዛሬ ደህና ናት፣ ልጁ አምስተኛ ክፍል ነው። ሁለት ጣት ይህን ያህል መናገሩ አሁንም ይገርመኛል።


የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፦

ከሜሪላንድ፣ ግሩም አድርገህ ገልጸኸዋል፣ ተማሪዎቼን እንዲህ ባስረዱኝ።

የወረታዋ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የሚታየው ከእምብርት በታች ያለው ደም ስር ነው። የፖርታል ግፊት ከሆነ ደሙ ከእምብርት ይርቃል፣ ማለትም ታች ያለው ወደ እግር ይወርዳል፣ ላይ ያለው ወደ ደረት ይወጣል። ከታችኛው አካላችን ወደ ልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ስር ከተዘጋ ግን ከታችም ከላይም ያለው ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ደም ስሮቹም ጎንና ጀርባ ላይ ይበዛሉ። አንዳንዴ ደግሞ እምብርት አካባቢ በማዳመጫ ሲሰማ የንብ ቀፎ ዓይነት ዝምታ የሌለው እምምም የሚል ድምፅ አለ፣ የደሙ ፍሰት ነው። እናንተ ግን ቤት ውስጥ እየተፈራረቃችሁ አትጫኗቸው፣ እባክሽን። አልትራሳውንድ ተሠርቷል፣ ነገሩ ታውቋል።

አንድ ረቂቅ ነገር ልጨምር፣ የማይመለከተው ይለፈው። ያች የእምብርት መስመር የምትነሳው ከግራኛው የፖርታል ቅርንጫፍ፣ ጉበት ከተገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ፖርታል ደም ስር ራሱ ጉበት ሳይገባ በረጋ ደም ከተደፈነ እምብርት ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፣ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግን ለመፈንዳት ይደርሳል። ሆዴ ላይ ምንም የለም ማለት ደህና ነኝ ማለት አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ ቀጭን ሰው፣ ስፖርተኛ፣ እርጉዝ ሴት ሆዷ ላይ ሰማያዊ መስመር ቢታይ በሽታ አይደለም። ባለፈው አንድ ልጅ ጂም ጀምሮ ሆዱ ላይ ደም ስር አይቶ ጉበቴ አለቀ ብሎ ሊያለቅስ መጣ። ጣፊያው ደህና፣ ሁሉ ነገር ደህና። ፕሮቲንህን ብላ ብዬ ሰደድኩት።

ይጠፋል ወይ ላልሽው፦ አይመስለኝም። ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፣ አዲስ ጠባሳ እንዳይጨመር ያደርጋል፣ የቆየው ጠባሳ ግን በአብዛኛው ይቀራል፣ ማለፊያውም ይቀራል። ለማሳመር ብሎ የሚቆርጠው ሐኪም ካለ ሽሹት፣ ለሌላ ቀዶ ጥገና እንኳ ሲገቡ ለቀዳጁ አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር ነው። ጣፊያቸውም 19 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ግራ ጎናቸውን የሚመታ ነገር ይጠንቀቁ፣ በሬ ጠምደው ሲያርሱ እንኳ። ቀጠሮውን ደግሞ ለማሳጠር ሞክሩ። ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱና «ሆዱ ላይ ደም ስር ወጥቷል፣ ፕላትሌት 72 ሺህ» በሉ፣ ይህን የሰማ ሰው ሁለት ወር ያስጠብቃል ብዬ አላስብም።


የወረታዋ፦

ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ ይቅርታ። እኔም ፈቃድ ወስጄ ወርጄ ነበር።

ወረቀቱን ይዘን ሄድን፣ ያልከውን ብለን ተናገርን፣ በዘጠነኛው ቀን ገቡ። ቧንቧቸው ውስጥ ሦስት ትልልቅ ደም ስር ተገኘ፣ ሁለቱ ላይ ቀይ ምልክት ነበረባቸው። እዚያው አራት ላስቲክ አሰሩላቸው። ያሳየኝ ሐኪም ስክሪኑ ላይ ጠቁሞ «ይህች ቀይ ነጥብ ናት የምታስፈራው» አለኝ። በሦስት ሳምንት ተመልሰው ይታያሉ። ቢ ፖዘቲቭ ወንድሜ፣ ዓይናቸውን ሰዓት ላይ እንዲተክሉ ነግሬያቸው ነበር፣ ክፍሉ ውስጥ ግን ሰዓት አልነበረም አሉ፣ የነርሷን ጫማ ሲቆጥሩ ቆዩ። ሁለት ቀን አጥሚት ብቻ ጠጥተው በሦስተኛው እንጀራ አምጡ ብለው ተቆጡ።

ሰገራቸው ላይ እንቁላል አልተገኘም፣ እንዳልከው። ሐኪሙ ግን ፕራዚኳንቴሉን ሰጣቸው፣ 58 ኪሎ ናቸው፣ አራት ፍሬ። የወንድሜን ልጆችም አስመረመርናቸው። ከአራቱ ሁለቱ ላይ ተገኘ፣ ትልቁና ሦስተኛዋ፣ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ የሚውሉት ናቸው። ወስደዋል።

የቦዩን ነገር ለአባባ ነገርኳቸው። ቁጭ ብለው አዳመጡኝና ሸሚዛቸውን ራሳቸው ገልጠው ሆዳቸውን አዩት። «ታዲያ ተደፍኖ ነው በሉኛ፣ እባብ እባብ ከምትሉኝ» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ሸሚዛቸውን አውልቀው ደጅ ሲታጠቡ አየኋቸው።

አሁን የቀረው ጭቅጭቅ ሌላ ነው። ሩዙ የአረም ጊዜው ደርሷል። ወንድሜ ቦቲ ጫማ ገዝቶላቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ «ጭቃው ይይዘዋል፣ እግሬን ነቅዬ ቦቲውን ትቼው ነው የምወጣው» ይላሉ። እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ጭቃ ውስጥ የማይቀር ቦቲ የት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ፣ ቁጥራቸው 42 ነው።